የእርጉዝ ሆድን ቅርጽ በጀሶ ማንሳት፦ ከመጀመርዎ በፊት ያንብቡ



በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ለእኛም እንግዳ ነበር። ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ ወር ነው፤ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ መንገዱን ዘግቶ ከትራክተር በቀር ሌላ ተሽከርካሪ በማይገባበት ሳምንት። አንዲት የስምንት ወር እርጉዝ ሆዷ ቀልቶ፣ ነጠላዋን ከቆዳዋ ራቅ አድርጋ ይዛ ወደ መጠለያው ክሊኒክ መጣች። በሩ ላይ ተራ የምታስይዘው በጎ ፈቃደኛ ሻይ የፈሰሰባት መስሏት ጠየቀቻት።

«ሻይ አይደለም፤ ጂብስ ነው» አለች።

ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አውሮፓ የምትኖር እህቷ በጎረቤት ስልክ አንድ ፎቶግራፍ ልካላት ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ እንደ ትልቅ ቅል የጎበጠ ነጭ ነገር ነው። የእህትየው ሆድ ነበር፤ ልጇን ከመውለዷ በፊት ቅርጹ በጀሶ ተነስቶ የተቀመጠ። በአውሮፓና በአሜሪካ ለዚህ የሚሆነው ዕቃ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል፤ እናቶች ቤታቸው ወስደው ከባል ወይም ከጓደኛ ጋር ይሠሩታል። ልጁ ሲያድግ «እዚህ ውስጥ ነበርክ» ይሉታል።

የእኛዋ እናት ባል ከሐምሌ ጀምሮ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። አጨዳው ሳያልቅ አይመለስም። የመጀመሪያ ልጃቸው ድንበር ሲሻገሩ መንገድ ላይ ተወልዶ አልቆየም። ከዚያ ልጅ የቀራት ፎቶግራፍም፣ ካርድም፣ የለበሰው ጨርቅም የለም። «ይኼኛውን አባቱ ሳያየው ቢቀር እንኳ የነበረበትን ይይ ብዬ ነው» አለችን።

ከሱቅ የግንበኛ ጂብስ ሁለት ኪሎ ገዛች። ጎረቤቷ በሳፋ እንደ ገንፎ አገነፋችው፤ ሆዷ ላይም ሁለት ጣት በሚሆን ውፍረት ለጠፈችው። «መጀመሪያ ሞቅ አለኝ፤ ደስም አለኝ። ወዲያው እንደ ምጣድ አቃጠለኝ» ትላለች። ጎረቤቷ ቶሎ ገነጣጥላ አወለቀችው፤ የጀሪካኑንም ውሃ አፈሰሰችባት። አስቀድመው ዘይት ቀብተው ስለነበር ቆዳው አብሮ አልተላጠም። ውሃ ማፍሰሷም ትክክል ነበር። ትኩስ ነገር ያቃጠለውን ቆዳ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው መድኃኒቱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና አተላ አይቀባም።

ጀሶ ለምን ያቃጥላል?

ጀሶ ከመሬት የሚወጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው። በአገራችን ከሸዋ ወደ ጎጃም ሲሻገሩ በአባይ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ድንጋዩ ተፈጭቶ 150 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲጠበስ በውስጡ የነበረው ውሃ አብዛኛው ይወጣና ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያ ዱቄት እንደገና ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣና ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይ በሚሆንበት ጊዜ ሙቀት ይለቃል። ስስ ከሆነ ሙቀቱ ወደ አየር ስለሚወጣ ሰውየው ለብ ሲል ብቻ ይሰማዋል። ወፍራም ከሆነ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ወደ ቆዳ ይመለሳል።

ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር፣ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥዕል ክፍለ ጊዜ የእጇን ቅርጽ ለመውሰድ ሁለት እጇን በባልዲ ጀሶ ውስጥ ነከረች። ጀሶው እጇ ላይ ደረቀ፤ ማውጣትም አልተቻለም። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ እንደደረሰ ተነግሯል። አብዛኞቹን ጣቶቿን አጣች።

እኔም ነገሩን ሰምቼ ብቻ ከምጽፍ ብዬ ከእናትየዋ የተረፈውን ጂብስ በቆርቆሮ ጣሳ በጠበጥኩት፤ ውፍረቱ ሦስት ጣት ይሆናል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ጣሳውን በባዶ እጄ ማንሳት አልቻልኩም። ሆድ ላይ ቢሆን ብላችሁ አስቡት።

ሌላም ነገር አለ። ከሱቅ የሚገዛው የግንበኛ ጂብስ አንዳንድ ጊዜ ኖራ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ነው። ኖራና ሲሚንቶ በሙቀት ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ኃይል ቆዳ ይበላሉ፤ ዓይን ውስጥ ከገቡ ያሳውራሉ። ስለዚህ በቁርጥ እንናገር፦ በሳፋ የተበጠበጠ የግንበኛ ጂብስ፣ ኖራ ወይም ሲሚንቶ በማንም ሰው ገላ ላይ አይለጠፍም፤ በእርጉዝ ሆድ ላይማ ፈጽሞ።

በትክክለኛው ዕቃ ሲሠራ

እህትየው አውሮፓ የተጠቀመችው የጀሶ ፋሻ ነው። ይህም የተሰበረ እግር የሚታሰርበት፣ ስስ ጀሶ የተነሰነሰበት ጨርቅ ነው። ይህን ፋሻ በ1850ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው አንቶኒየስ ማታይሰን የተባለ የሆላንድ ጦር ሐኪም ነው፤ ለቆሰሉ ወታደሮች ብሎ። ለሆድ ቅርጽ ይውላል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ይህ ፋሻ ከዘመድ የተላከላችሁ ወይም ከተማ ገዝታችሁ ለመሥራት የቆረጣችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ አዋላጇን ጠይቁ። ደም የፈሰሳት፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ምጥ የመሰለ ቁርጠት የሚሰማት፣ ከዚህ በፊት ያለጊዜዋ የወለደች ወይም ሆዷ ላይ ቁስል ወይም ሽፍታ ያለባት እናት አትሥራ። ለጤነኛዋ እናት የሚስማማው ጊዜ ከ34ኛው እስከ 38ኛው ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ብቻዋን መሆን የለባትም።

እናትየዋ በጀርባዋ አትተኛ። በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባ ሲተኛ የማሕፀን ክብደት ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ ሥር ይጫነዋል፤ ራስ ይዞራል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ለልጁ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ስለዚህ ወንበር ላይ ወይም አልጋ ጫፍ ላይ ጀርባዋን በትራስ አስደግፋ ትቀመጥ። ቫዝሊን ወይም ዘይት በወፍራሙ ሆዷን፣ እምብርቷን፣ ጎንና ጎኗን ትቀባ። በተለይ ከእምብርት በታች ጸጉር ያለበት ቦታ እንዳይዘነጋ፤ ጀሶ ጸጉር ከያዘ ሲነሳ ይነጫል።

ፋሻው አስቀድሞ በክንድ ርዝመት ይቆረጥ። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከ4 እስከ 6 ጥቅል ይበቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ሙቅ ውሃ ጀሶው ቶሎ እንዲደርቅና ይበልጥ እንዲግል ያደርገዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ «እንዳይበርዳት» ብሎ ውሃ ያሞቃል። እያንዳንዱን ቁራጭ ነክሮ፣ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጎ መዘርጋት ነው። 3 ድርብ ይበቃል፤ ጠርዙ ላይ አንድ ይጨመር። ከፊት ብቻ ነው የሚለጠፈው። ወገብ ዙሪያውን የተጠመጠመ እንደሆነ በመቁረጫ ካልሆነ አይወጣም። እስኪደርቅ ብርድ ልብስ ወይም ላስቲክ አታልብሱት፤ ሙቀቱን ያፍነዋል።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠነክራል። ከዚያ በፊት ካቃጠላት ወይም ራሷን ካዞራት ግን ምንም ሳይጠበቅ ይነሳ፤ ቢበላሽ ይበላሽ። በደህና ከጠነከረ ሆዷን ነቅነቅ አድርጋ፣ ወደ ውስጥ ሳብ ስታደርገው በራሱ ይላቀቃል። ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። የተረፈው ውሃ ቧንቧው አጠገብ ባለው ቦይ አይደፋ፤ ታች ወርዶ ድንጋይ ይሆንና ቦዩን ይደፍናል።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ አንድ ልመና አለን። ከክሊኒኩ የጀሶ ፋሻ አትጠይቁ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ገብቷል፤ ለስደተኛውም ለነዋሪውም የነበረው ጥቂት ዕቃ ለሁሉ እየተካፈለ ነው። እዚህ አንድ ጥቅል ፋሻ ማለት ከአህያ ጋሪ የወደቀ ልጅ ክንድ ማለት ነው። በጎ ፈቃደኞችም «አንድ ብቻ» ለምትል ጎረቤት እንዳታወጡ።

ሜትሩ ያሳየው

ወደ እናትየዋ እንመለስ። አዋላጇ ቃጠሎውን አጥባ ከሸፈነች በኋላ ካርድ ጠየቀች። እናትየዋ ክትትል የጀመረችው በአራተኛ ወሯ ነው፤ ሁለት ጊዜ መጥታ ቀረች። በካርዱ አቆጣጠር 33ኛ ሳምንቷ ነው። አዋላጇ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ከብልት አጥንት ጫፍ እስከ ማሕፀኑ አናት ለካች። 28 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

ይህ መለኪያ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ ይናገራል። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ የሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። በ30ኛው ሳምንት 30 ገደማ፣ በ34ኛው 34 ገደማ እንደማለት። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ምክንያቱ ይፈለጋል፦ ቀኑ በስህተት ተቆጥሮ ይሆን? ልጁ በሚገባው መጠን አላደገ ይሆን? የሽርት ውሃው አንሶ ይሆን? ከበለጠም መንታ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ግን ብዙ አይታወቅም። በየቀጠሮው እየተለካ ካርድ ላይ ሲጻፍ ነው እድገቱ የሚታየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ በእርግዝና ዘመን ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን የሚመክረው ስለዚህም ጭምር ነው።

«ሲስተር፣ ሆዴ ትንሽ ነው ማለት ነው?» አለች።

«እህቴ፣ እስኪታይ ድረስ ምንም አልልሽም። ግን ዛሬውኑ ትሄጂያለሽ» አለቻት አዋላጇ።

በትራክተር ተሳፍራ፣ ከዋናው መንገድ በመኪና ወደ ከተማ ሆስፒታል ሄደች። በአልትራሳውንድ ሲታይ ልጁ በሕይወት አለ፣ ግን ትንሽ ነው። በየሳምንቱ እንድትታይ፣ የደም ግፊቷ እንዲለካ፣ ለእርጉዞች የሚታደለውን ተጨማሪ ምግብ ለቤተሰቡ ሳታካፍል ራሷ እንድትበላው፣ ውሃ መቅዳቱን ሌላ ሰው እንዲይዝላት ታዘዘ። የመጨረሻው ነበር ከባዱ። ሁለት ጎረቤቶቿ በተራ ያዙላት፤ አንደኛዋ ጂብሱን የለጠፈችው ናት።

የጭቃው ሆድ

እናትየዋ ግን ሐሳቧን አልተወችም። በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ 36ኛ ሳምንቷ ላይ፣ «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ብላ መጣች። መልሱ የተገኘው ከአንዲት ከጎንደር አካባቢ ከመጡ ሸክላ ሠሪ እናት ነው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘውን ወለቃን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የቤተ እስራኤል ሴቶች ልጅ ያዘለች እናትን፣ አንበሳን፣ ሌላም ምስል ከሸክላ እየሠሩ መንገድ ዳር ይሸጡባት ነበር። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ወደ እስራኤል ሲሻገሩ ያለፉት በዚሁ በገዳሪፍ፣ በኡም ራኩባ ነበር፤ በዚያ መጠለያ ብዙ ሰውም አልቆባቸዋል።

«ገላ ላይ ምን አስለጠፋችሁ? ልኩን በገመድ ያዙና በጭቃ ሥሩት» አሉ እማማ።

ሦስት ገመድ ወሰዱ። አንዱ ከብልት አጥንት በእምብርት በኩል እስከ ማሕፀኑ አናት፣ አንዱ በእምብርት ላይ ከጎን እስከ ጎን፣ ሦስተኛው ሆዷ ወደ ፊት ምን ያህል እንደወጣ። በየልኩ ቋጠሮ ተደረገበት። እናትየዋ ከዚያ በኋላ አታስፈልግም፤ ቡናዋን ልትጠጣ ሄደች። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አሸዋና ጭድ ገባበት። ላስቲክ ላይ እንደ ጉብታ ተከመረ፤ በገመዶቹ እየተለካ ተስተካከለ። ላዩን ሌላ ስስ ላስቲክ አለበሱት፤ የቀረው የወረቀት ሥራ ነው።

ሙጫው ከዱቄት ነው፦ አንድ ብርጭቆ ዱቄት በአምስት ብርጭቆ ውሃ እያማሰሉ ማፍላትና ማቀዝቀዝ። አንድ ብርጭቆ ዱቄት የአንድ ልጅ ቁርስ መሆኑን አንረሳም፤ ስለዚህ የነቀዘ ዱቄት ተጠቀሙ። ወረቀቱ እንደ ጣት በቀጭኑ ተቀዶ፣ ሙጫ ውስጥ ተነክሮ አንዱ ባንዱ ላይ ይለጠፋል። ስድስት ድርብ ያህል ይበቃል፤ በየሁለት ድርቡ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ክረምቱ ገና አልወጣምና አምስት ቀን ፈጀ፤ በበጋ ሁለት ቀን ይበቃው ነበር። ሲደርቅ ከጭቃው ተነሳ። አይከብድም፣ አያቃጥልም፣ እንደ ስፌት ዕቃ በገመድ ይንጠለጠላል። አንድ ነውር አለበት፦ አይጥ ይወደዋል። ከፍ ብሎ ይሰቀል።

ሁሉ ሰው ደስ ያለው ግን አይደለም። አንድ አሮጊት «ያልተወለደ ልጅ ቤት እንዲህ ለሰው ዓይን ይሰጣል?» ብለው ተቆጡ። ሆድን በነጠላ ሸፍኖ፣ ወሩን ሳይናገሩ መቆየት የብዙዎቻችን አስተዳደግ ነው። እኛ የልጅን ጤና የወረቀት ቅርጽ ይጎዳዋል ብለን አናምንም። ይሁን እንጂ እናትየዋ ራሷ ካልፈቀደች ቅርጹን ወይም ፎቶግራፉን ለሌላ ማሳየት አይገባም። ይህን በተለይ ለበጎ ፈቃደኞች እንናገራለን። እናትየዋም ቅርጹ እስክትወልድ ድረስ በጨርቅ ተሸፍኖ እንዲቆይ ፈቀደች፤ አሮጊቷም ተረቱ።

ለበጎ ፈቃደኞች

የጭቃው ጉብታ ሳይፈርስ እኛም ሁለተኛ ቅርጽ አነሳንበት፤ አሁን ለማስተማሪያ ይሆነናል። በፈረንሳይ አገር አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የተባለች አዋላጅ ከ1760 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ በንጉሡ ፈቃድ በየገጠሩ እየዞረች፣ ከጨርቅና ከቆዳ በተሰፋ የእናት ገላና የጨርቅ ሕፃን ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶችን ታስተምር ነበር። በሱዳንም ሜብል ዎልፍ የምትባል እንግሊዛዊት በ1921 (እ.ኤ.አ.) በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ ማንበብ የማይችሉት ዳያዎች መድኃኒቱን በቀለሙ፣ በሽታውና በጣዕሙ እንዲለዩት አድርጋ ነበር የምታሰለጥነው። የሚዳሰስ ነገር ከብዙ ቃል ይሻላል።

በቡና ሰዓት ቅርጹን ገልብጣችሁ የጨርቅ አሻንጉሊት አስቀምጡበት። ጭንቅላቱ ወደ ታች ሲሆን፣ ወደ ጎን ሲሆን፣ በእግሩ ሲመጣ አሳዩ። 20 ሳምንት ላይ ማሕፀኑ እምብርት ዘንድ እንደሚደርስ፣ 36 ላይ የደረት አጥንት ሥር እንደሚደርስ በከሰል ምልክት አድርጉ። እናቶቹ ራሳቸው በእጃቸው ይንኩት፤ ባሎችም ይንኩት። እኛ ጋ ብዙ ጥያቄ ያነሱት ወንዶቹ ናቸው።

ጨዋታው መሐል ግን እነዚህን ሳትናገሩ እንዳትነሱ፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን መጨለም፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ያለ ምጥ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቅረት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ትክክለኛው ቦታ ክሊኒክ ነው።

እናትየዋ በመስከረም መጨረሻ በሆስፒታል ወለደች። ሴት ናት፤ 2 ኪሎ ከ400 ግራም። ለሳምንታት ሌትና ቀን ደረቷ ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጋ ይዛት ነበር። ክትባቷን ጀምራለች፤ የልደት ወረቀቷም ወጥቷል።

አባትየው የመጣው አጨዳው አልቆ፣ በታኅሣሥ ነው። ራኩባው ውስጥ ከምሰሶው የተንጠለጠለውን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰፌድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሚስቱ አወረደችና ልጅቱን ውስጡ አስተኛቻት። እግሮቿ ወደ ውጪ ቀሩ። እሱ ቅርጹን ገልብጦ ሲያይ ከውጪ የተለጠፈው ወረቀት ያለፈው እትማችን ሆኖ አገኘው፤ እምብርቱ አጠገብ ስለ እጅ መታጠብ የጻፍነው ግማሹ ይነበባል። ቀሪውን ግማሽ ከየት እንደሚያገኝ ጠይቆናል፤ አንድ ቅጂ ሰጥተነዋል።